እጇን እስክታወርድ

ታላቅ ወንድሜ የኔሰው እንጀራውን የሚበላው ሰዎች ቆመው እንዲሰበሰቡ በማስተማር ነው። እንዲህ ስለው ይቆጣል፤ ግን ከዚህ ሌላ ምን ልበለው? አዲስ አበባ ውስጥ ካንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው እየዞረ፣ ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶችን ጠዋት ጠዋት ግድግዳ አጠገብ ያቆማቸዋል። ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን አስቸገረህ ብሎ ይጠይቃቸውና በቃ ሂዱ ይላቸዋል። ሙያው አጃይል ይባላል። እኔ ቢቸና ከተማ ሂሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ሰልፍ ላይ ካላቆምኳቸው አይሰሙኝም፤ ለዚህ ግን አበል ከፍሎ አስተምሪልኝ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ቀልዱን ልተወውና፣ የኔሰው ይህን ሙያ የያዘው ተዋርዶ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ የቀጠረው መሥሪያ ቤት የንብረት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አሠራው፤ ከጓደኞቹ ጋር ዓመታት ፈጀበት። ሲያልቅ ተጨበጨበ፣ ኬክ ተቆረሰ። ከወራት በኋላ ሄዶ ቢያይ የንብረት ክፍል ሠራተኞች ኮምፒዩተሩን ዳንቴል አልብሰው፣ ድሮ በለመዱት ካርድ ይሠራሉ። "አንድ ቀን እንኳ አጠገባቸው ተቀምጬ ሥራችሁ እንዴት ነው ብዬ አላየሁም ነበር" ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሃይማኖት እንደያዘ ሰው ሆነ። ሥራህን በትንሽ በትንሹ ቆርጠህ ሥራ፣ የሠራኸውን ቶሎ ለባለቤቱ አሳይ፣ ሲጠቀምበት እይ፣ አስተካክል፣ እንደገና አሳይ። ትምህርቱ በሙሉ ይኸው ነው። መጀመሪያ ራሱ ሠራበት፣ ቀጥሎ ለሌላው ማስተማር ጀመረ፣ ፀጉሩም በዚሁ ሸበተ።

እናታችንን ይርጋነሽን ስትሮክ የመታት አምና መኸር ላይ ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ደከመ። እግሩ በምርኩዝ መለስ አለ፣ ቃሉ ግን አልተመለሰም። የሚነገራትን ሁሉ ትሰማለች፣ ይገባታል፣ ቀልድ እንኳ አያመልጣትም። ልትመልስ አፏን ስትከፍት ግን የሚወጣው "እ... እ..." የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ይህ ለማንም ሰው ከባድ ነው። ለእናቴ ግን ባሰ፤ ምክንያቱም እናቴ መራቂ ናት።

የሰፈራችን ሙሽራ ከቤት የሚወጣው፣ ሕፃን ክርስትና የሚሄደው፣ ልጅ ለትምህርት አገር የሚለቀው እሷ ዘንድ ጎራ ብሎ ነው። እደጉ ተመንደጉ ብላ በጅምላ አትለቅም። ሰውየውን ዝም ብላ ታየዋለች፤ ከዚያ ለእሱ ብቻ የሚሆን ነገር ትናገራለች። የከባድ መኪና ሾፌሩን ባንተአምላክን "ዓባይ በረሃን ስትወርድ ፍሬንህ ይታዘዝህ፣ ድልድዩን ስትሻገር ልብህ ይረፍ" ብላ መርቃዋለች፤ እሱም መኪናው ላይ አስጽፎታል። በሌላ ቤት ሲመረቅ በየመሐሉ አሜን ይባላል። እሷ ይህን አትወድም። እጇን ታነሳለች፣ እጇን እስክታወርድ ድረስ ማንም አይተነፍስም፤ ስታወርድ አሜን ይባላል። የቸኮለ ሰው ካለ በዓይኗ ገላምጣው ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

እኔ ደግሞ እጮኛ አለኝ። ውበቴ ይባላል፤ ሞጣ ከተማ በርና መስኮት የሚሠራ አናጺ ነው። ዕድሜያችን ገፋ ያለ ስለሆነ ለመጋባት ቸኩለን ነበር። እማ ስትታመም ሰርጉን አዘገየነው፤ እንደዘገየ ቀረ። መቼ ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ እናቴ ሳትመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም። ለሌላው ሰው ልጅ ሁሉ የደረሰ ምርቃት ለእኔ ሳይደርስ ልዳር?

ሌላም ነገር አለ። የኔሰው ለዩኒቨርሲቲ ሲሄድ መናኸሪያው ውስጥ እማ እጇን አንስታ ስትመርቀው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሻንጣውን የያዝኩት እኔ ነኝ። "ሂድ ልጄ። ወደኋላህ አትይ። እኔ ብቻዬን አይደለሁም፤ ጎረቤት አለኝ፣ ደጄ አይዘጋም። የሄድክበት ቤት ይሁንህ" አለችው። እኔ ደብረ ማርቆስ መምህራን ኮሌጅ ስሄድ ግን አባታችን በሞተ ሰሞን ስለነበር እማ እጇን አላነሳችም። "መቼ ትመጫለሽ?" ነው ያለችኝ። መጣሁ። ከዚያ በኋላ የትም አልሄድኩም።

የኔሰው ከአዲስ አበባ ታብሌት ይዞ የመጣው ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። እማ እንድትናገርበት ራሱ የሠራው ፕሮግራም አለበት። ትልልቅ ሥዕሎች አሉት፤ ብርጭቆ፣ እንጀራ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ አልጋ። አንዱን ስትነኪው ድምፅ ያወጣል። ድምፁን ያስቀዳው በገንዘብ ነው፣ ዜና አንባቢ የመሰለች ሴት። እማ ጭን ላይ አስቀመጠውና ብርጭቆውን ነካላት።

"እባክዎ ውሃ ይስጡኝ" አለ ታብሌቱ።

እማ ታብሌቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ እንግዳ የመጣ መስሏት በሩን አየች።

"እርስዎ? ለማን ነው እርስዎ የምትለው? ለእኔ?" አልኩት።

"ታዲያ እማን 'ውሃ አምጪ' እያስባልኩ ባለጌ ላድርጋት?"

"የወለደችኝ ናት እኮ! ደግሞ ውሃ ስትፈልግ በእጇ ታሳየኛለች። ለውሃ አፍ አያስፈልጋትም።"

ተናደደ፣ ግን ሄዶ አስተካከለ። ሥዕሎቹን አበዛ፣ ድምፁን ለወጠ። እማ እንደገና ሳትነካው ቀረች። በማግስቱ ታብሌቱን ከተቀመጠችበት ትራስ ሥር አገኘነው። በዳንቴል አለመሸፈኗ ደግ ነው አልኩት፤ ቀልዴ አላሳቀውም።

በዚያው ሰሞን ሞጣ ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ። ትምህርት ቤት ዝግ ነበር፣ ውበቴም ናፍቆኛል። ሞጣ ውስጥ እማማ ዘሚራ የሚባሉ የእማ የድሮ ወዳጅ አሉ፤ እማ ጥጥ እየፈተለች በምትሸጥበት ዘመን ደንበኛዋ ነበሩ። ልጃቸው አብዱራዛቅ ከእሳቸው የጨርቅ ሱቅ በላይ ያለውን ክፍል ይዞ፣ ከጓደኞቹ ጋር ለሱቆችና ለክሊኒኮች ሶፍትዌር ይሠራል። የኔሰው እኛ ዘንድ በሰነበተ ቁጥር በየሳምንቱ እየሄደ ያስተምራቸዋል። ኢንተርኔቱ ሲጠፋም ሲመጣም እነሱ ግድግዳቸው ላይ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት እየለጠፉ፣ ቆመው ይሰበሰባሉ።

ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ዓሊማ የምትባል አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና "ተጠቃሚው የሚፈልገውን ራሱ ካላወቀውስ?" አለችው።

"ያውቀዋል። የማታውቁት እናንተ ናችሁ" አለ የኔሰው። "አጠገቡ ተቀመጡ። አትጠይቁት፣ እዩት። በተለይ የት ላይ እንደሚናደድ እዩ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ወንድሜ ቀላ።

በመመለሻችን ጉንደ ወይን ላይ መኪናው ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነገርኩት። "አንተ ከእማ ጋር አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠህ ታውቃለህ? ትመጣለህ፣ ትሠራለህ፣ ታሳያታለህ፣ ትናደዳለህ፣ ትሄዳለህ። ለሰው ልጆች የምትሰብከውን ለእናትህ ነፈግካት።" አፌ ክፉ ነው፣ አውቃለሁ። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ "ነገ ታብሌቱን አልነካም" አለ።

እውነትም አልነካም። በማግስቱ ከእማ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በግራ እጇ ጥጥ ስትፈለቅቅ ያዘላት። ደጅ ስትወጣ ወጣ። ሰው ሲመጣ ዝም ብሎ አየ። በሌላውም ቀን እንዲሁ። እኔ መጀመሪያ ሥራ ፈት ነበር የመሰለኝ። ኋላ ግን እማ እጇን እሱ ጉልበት ላይ ጣል አድርጋ ስታሸልብ አየሁና ወደ ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። ልጇ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ተቀምጦላት አያውቅም ነበር።

ጎረቤታችን ሰሎሜ አራስነቷን ጨርሳ ሕፃኗን ይዛ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። አማቷም ሌሎችም ሴቶች አብረው መጡ። ሰሎሜ ልጁን እማ ጭን ላይ አስቀመጠችው። እማ ሕፃኑን እንደ ድሮዋ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ግራ እጇን አነሳች።

እማ አፏን ከፈተች። "እ..." አለች። ደግማ ሞከረች፤ "እ... እ..."። ግንባሯ አላበው። እጇ አየር ላይ ነው። ማንም ሊያያት አልቻለም፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ። አማትየው ጭንቀቱን አልቻሉትም፤ "አሜን! አሜን እትዬ ይርጋነሽ! ደርሶናል!" አሉ። ሁላችንም ተቀበልናቸው። አሜን፣ አሜን፣ አሜን አልን። ደግ ነገር ያደረግን መስሎን ነበር።

እማ እጇ እንደተነሳ ነበር።

ድንገት የወንበሩን መደገፊያ በጥፊ መታችው። ሕፃኑ ደነገጠና አለቀሰ። ሴቶቹ ተሸማቀው ወጡ። እማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቀረች፤ ላባብላት ብጠጋ እጄን ገፋችው። ያልመረቀችውን ልጅ እንደተመረቀ አድርገን ሸኘነው፤ ከእጇ ቀማናት። ይህን የተረዳሁት ወዲያው አይደለም። የተረዳው የኔሰው ነው። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ቀስ ብሎ "እዚህ ላይ ነው የምትናደደው" አለ።

ያን ቀን ብርጭቆውን፣ እንጀራውን፣ ጠርሙሱን ሁሉ ከታብሌቱ ደመሰሰው።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በኖራ መስመር አሰመረ፤ አንዱ ረድፍ የሚሠራ፣ ሁለተኛው እየተሠራ ያለ፣ ሦስተኛው ያለቀ። እማ ፊደል ስለማታውቅ ተለጣፊ ወረቀቶቹ ላይ ሥዕል የመሣሉ ሥራ የእኔ ሆነ፤ ያንኑ ሥዕል የኔሰው ታብሌቱ ውስጥ ያስገባዋል። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እኔና እሱ ከወንበሯ ፊት እንቆምና ትናንት የሠራነውን፣ ዛሬ የምንሠራውን፣ ያስቸገረንን እንነግራታለን። ስሰድበው የኖርኩት ያ ስብሰባ ማለት ነው። እማ ወደደችው። ሁለት ልጆቿ ፊቷ ቆመው ሲናገሩ ዳኛ ሆና ትሰማለች።

መጀመሪያ የኔሰው በራሱ ጭንቅላት ምርቃት ጻፈ። ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ለመንገደኛ ብሎ በራሱ ድምፅ ቀዳው። እማ እያንዳንዱን ሰማችና በእጇ ጀርባ ዝንብ እንደምታባርር አደረገች። የእሷ አይደለማ!

"የእሷን ከየት ላምጣ? ተቀድቶ አልተቀመጠ!" አለ ተስፋ ቆርጦ።

"የመረቀቻቸው ሰዎች አሉ አይደል" አልኩት። "ባንተአምላክ መኪናው ላይ አስጽፎ የለ?"

እንዲህ ነው የተጀመረው። ባንተአምላክ መጣ፣ ኮፍያውን አውልቆ ስለ ፍሬኑ የተባለውን በድምፁ ቀዳ። እማ ሰምታ ራሷን ዝቅ አደረገች፤ ትክክል ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ሰፈሩ ተግተለተለ። ሰው የእናቴን ምርቃት እንዲህ ይዞት እንደሚኖር አላውቅም ነበር። ነጋዴው ሀብተ ሥላሴ "ፎቅ ቤት ያሠራህ ብለውኛል" ብሎ ቀዳ። እማ ስትሰማው ከታመመች ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ሀብተ ሥላሴም ሳቀና "እሺ፣ 'ጎረቤትህ አይራብብህ' ነው ያሉኝ" ብሎ አስተካከለ። እማ ራሷን ዝቅ አደረገች።

ሞጣ ወርደን እማማ ዘሚራንም ቀዳናቸው። ጨርቅ እየለኩ ነበር፤ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። "ሐጅ ልሄድ ስነሳ እናትሽ ቢቸና ድረስ ጠርታ መረቀችኝ። 'የሄድሽበት ያድርስሽ፣ የመጣሽበትን አያስረሳሽ' አለችኝ። መካ ላይ እሷን አስቤ አለቀስኩ እኮ!" አሉና ታብሌቱ ላይ ሲናገሩ እንደገና አለቀሱ። የኔሰው እንባቸውን ቆርጦ ሊያወጣው ነበር። እማ ስትሰማው ግን ደረቷን መታ መታ አደረገች፣ ተወው እንደማለት። እንዳለ ቀረ።

አንድ ስጋት ቀርቶኝ ነበር። የንስሐ አባታችንን አባ ገብረ ሕይወትን "አባ፣ ምርቃት እንዲህ በመሣሪያ ሲነገር ይደርሳል?" አልኳቸው። "ወንድምሽ ከአዲስ አበባ ሲደውል በስልክ አይደለም ወይ የምመርቀው? እስከ ዛሬ አልደረሰውም እያልሽኝ ነው?" አሉኝ። አፈርኩ።

የሰሎሜን ልጅ እንደገና አስጠራነው። እማ ሁለት ሦስት ሥዕል ነካች፤ አንዱ የባንተአምላክ ድምፅ ነው፣ ሌላው የሰሎሜ የራሷ፣ ሙሽራ ሳለች የተባለችው። እጇን አንስታ ሁሉንም አስጨረሰች። አማትየው መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። እጇ ሲወርድ አሜን አልን። እማ ሕፃኑን ሳመችው። ወንድሜ ወደ ግድግዳው ሄደና የሕፃኑን ሥዕል ያለቀ የሚለው ረድፍ ላይ ለጠፈው።

አንድ ወረቀት ብቻ አስቸገረን። የኔሰው መናኸሪያው ውስጥ የተመረቀውን እሱም ቀድቶ ነበር። ለእሱ አውቶቡስ ሣልኩለት፤ እያጉረመረምኩ ሣልኩት። እማ ድምፁን ሰምታ ራሷን ዝቅ አደረገች፣ እሱም ያለቀ ላይ ለጠፈው። በማግስቱ ጠዋት ስንነሳ አውቶቡሱ የሚሠራ የሚለው ረድፍ ላይ ተመልሷል። እማ በምርኩዟ ሄዳ ነው የመለሰችው። የኔሰው ድምፄ ይሆናል ብሎ እንደገና ቀዳው፣ ቀስ ብሎ። ሰማች፣ ወደደች፤ ወረቀቱን ግን መልሳ ወሰደችው። አሳጠረው፣ አስረዘመው። አውቶቡሱ ያለቀ ላይ ማደር አልቻለም።

"ምን ጎደለው?" ይላል ወንድሜ ፊቷ ቆሞ። እማ እሱን ትታ እኔን ታየኛለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ "የአንቺ ቀርቷል። ለአንቺ ምን ብላሽ ነበር?" አለኝ።

"ለእኔ ምንም።"

"እንዴት ምንም?"

"መቼ ሄጄ! አንተን ነው 'ወደኋላህ አትይ' ያለችህ። እኔን 'መቼ ትመጫለሽ' ነው ያለችኝ። በል ይኸን ቅዳ! ሥዕሉንም ልሣልልህ፣ ታስራ የቆመች ሴት!" ጮኼ ነበር የተናገርኩት። እማ ጓዳ ውስጥ አልጋዋ ላይ ነበረች። መስማቷን ያወቅሁት ምርኩዟ ሲወድቅ ነው። ገብቼ አነሳሁላት። አላየችኝም፤ እኔም ይቅርታ ለማለት አፍ አጣሁ። በዚያ ቤት አፍ ያጣነው ሁለታችንም ነበርን።

ውበቴ እሑድ መጣ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ጠርዙን ያልጨረሰውን እንጨት እንደሚያይ ቆይቶ አየኝና "ፈንቴ፣ የከበደሽ ምርቃቱ ነው ወይስ መሄዱ?" አለኝ። ተነስቼ ልሄድ ነበር። ግን እውነት ነው የጠየቀኝ። ጠዋት ማን ያነሳታል? ጀርባዋን ማን ያሻታል? "እ" ስትል "እ" ማለቷ ምን እንደሆነ ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል? ምርቃቱ እስካልመጣ ድረስ እነዚህን መመለስ የለብኝም ነበር። ይህን ለውበቴ ነገርኩት። እያለቀስኩ ነገርኩት። የኔሰው ከበር ላይ ሰማኝና "እኔ አዲስ አበባ አልመለስም። ሞጣ እያስተማርኩ እዚሁ እኖራለሁ። ካንቺ በታች እንደማውቃት አውቃለሁ፤ እማራለሁ" አለ። ዕድሜ ልኩን ያስተማረ ሰው እማራለሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዬ ላይ የሰርግ ቀሚሴ ተዘርግቷል። እማ ከሳጥኑ ሥር በአንድ እጇ ጎትታ ነው ያወጣችው፤ ተጨማዶ፣ አንድ እጅጌው ተገልብጦ። እሷ ደክሟት ወንበሯ ላይ አሸልባለች። ቀሚሱን አጠፍኩ፣ መልሼ ዘረጋሁት። ከዚያ ለውበቴ ደወልኩ።

ሰርጉ ትንሽ ነበር፣ ጥር ላይ። ከሞጣ እማማ ዘሚራና አብዱራዛቅ መጡ። ዓሊማና ጓደኞቿም አብረው መጥተው፣ ወረቀት ለጣፊ ስለሆኑ ጌጡን እነሱ ሰቀሉት። መኪናው ደጅ ላይ ሲቆም እኔና ውበቴ እማ ፊት ተንበረከክን። ጉልበቷን ሳምኩ። ቀና ስል የኔሰው ታብሌቱን ይዞላታል። ለሙሽራ ብሎ ያዘጋጀላትን ሁሉ ደርድሮታል፤ የሰሎሜን፣ የሌሎቹን። እኔም እነዚያን ነበር የጠበቅሁት።

የእማ ጣት ሙሽሮቹን አለፈቻቸው። የእማማ ዘሚራን ጨርቅ አለፈች፣ የባንተአምላክን መኪና አለፈች። አውቶቡሱ ላይ ደረሰችና ነካችው። እጇን አነሳች።

የወንድሜ ድምፅ ወጣ። "ሂድ ልጄ። ወደኋላህ አትይ። እኔ ብቻዬን አይደለሁም፤ ጎረቤት አለኝ፣ ደጄ አይዘጋም። የሄድክበት ቤት ይሁንህ።"

ድምፁ አለቀ። እጇ አልወረደም። አሜን ያለ ሰው የለም፤ የሰሎሜ አማት እንኳ አልቸኮሉም። እማ እኔን እያየች አፏን ከፈተች። "እ..." አለች። ጠበቅናት። "እ... እ..."። ማንም ፊቱን አላዞረም፤ እኔም ዓይኔን ከዓይኗ አልነቀልኩም። ምን እንደምትል አውቅ ነበር። የእሷን "እ" ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ የለ? መቼ ትመጫለሽ አልነበረም። ረጅም ጊዜ ተናገረችኝ፤ ስትጨርስ እጇን ቀስ አድርጋ ራሴ ላይ አወረደችው።

አሜን አልን። ከኋላ እማማ ዘሚራ "አሚን" ሲሉ ሰማሁ።

እማ ምርኩዟን ጠየቀች። ሊደግፋት የተነሳውን ሁሉ ገፍታ በራሷ ወደ ግድግዳው ሄደች። ሲመላለስ ጥጉ የተጨማደደውን የአውቶቡስ ሥዕል ነቀለችና ያለቀ የሚለው ረድፍ ላይ ለጠፈችው። በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው። የኔሰው ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለካ ምንም አልጎደለውም ነበር፤ ለተሠራላት ሰው እስኪደርስ ነበር ስትመልሰው የከረመችው።

መኪናው ሲነሳ ወደኋላዬ አላየሁም ብል ውሸታም እሆናለሁ። አየሁ። እማ በምርኩዟ ቆማለች፣ ወንድሜ አጠገቧ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዙሪያዋን ከቧታል፣ ደጁም ከኋላቸው ክፍት ነበር።